የሚቻል

ሴቻ ላይ ሆኜ፣ ቀላ ያለውን የአባያን ውኃ ቁልቁል እያየሁ፣ የተማሪዎቼን ደብተር አርም ነበር። «ቤረብል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በዕለታዊ ዓረፍተ ነገር አስገቡ ብያቸው ነበር። የብዙዎቹ ስለ ሙቀት ነው፤ የአርባ ምንጭ ቀን ያቃጥላል፣ ሲመሽ ግን ይቻላል። አንዷ ብቻ «እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን ቤረብል አይደለም» ብላ ጽፋለች።

ለቅሶ የደረስኩ ዕለት «ቻይው» ብያት ነበር። በአማርኛ መቻል ሁለት ነው፤ ማድረግም፣ መሸከምም። እግዚአብሔርንም «ሁሉን ቻይ» እንለዋለን። ስለዚህ ያልቻለ ሰው ጉድለቱ የራሱ ይመስላል። የእንግሊዝኛው ቅጽል ግን የሚመዝነው ሸክሙን እንጂ ተሸካሚውን አይደለም። ልጅቱ በባዕድ ቃል የነገረችኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔ አልሰነፍኩም፣ ቤቱ ከበደ።

ሰዋስዉን አልሳተችም፤ ራይት አደረግሁላት። ከሥሩ አንድ ቃል ልጨምር ብዕሬን አነሣሁ፤ የመጣልኝ ያው «ቻይው» ብቻ ሆነ። ሳልጽፈው ደብተሩን ዘጋሁ። በማግሥቱ «ቤታችሁ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።