የሕዝብ ዱርና የመንግሥት ማኅተም

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የእንጦጦ ሰንሰለት ወደ ምዕራብ ተዳፍቶ በሚወርድበት ስፍራ፣ ቤቱ እየሳሳ ዛፉ እየበዛ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው መሬት የማንም ግለሰብ ይዞታ አይደለም። የከተማይቱ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በመባል የሚታወቀው፣ 705 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ጥብቅ ስፍራ ነው። ስሙ የጉለሌ ይሁን እንጂ ይዞታው በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ መካከል የተዘረጋ በመሆኑ፣ የኮልፌው ነዋሪ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ባለድርሻም ነው።

የዚህ ዱር ታሪክ ከከተማይቱ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተጨፈጨፈ በመመናመኑ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደነበር የታወቀ ነው። ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገባውና የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ አድጎ፣ ተቆርጦም ዳግመኛ አቆጥቁጦ ከተማይቱን ከስደት አዳናት። ውለታው ይህን ያህል ከሆነ ዘንድ፣ ዛሬ ውኃ መጣጭ፣ አፈር አራቋች እየተባለ ሲወቀስ የሚሰማ ሰው ጥቂት ቢያዝንለት አይፈረድበትም። ያም ሆነ ይህ የዕፅዋት ማዕከሉ ሥራ ከሞላ ጎደል ይህን ታሪክ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ በባሕር ዛፉ እግር ጥድን፣ ወይራን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥቁር እንጨትን ቀስ በቀስ መተካት። ባሕር ዛፍ በአሥር ዓመት የሚያደርሰውን ጥድና ዝግባ በአንድ ሰው ዕድሜ አያደርሱትም። ስለዚህም ይህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ጊዜ ነው። ጊዜን ደግሞ ለዛፍ ሊሰጠው የሚችል ሕግ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የመሬቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት «የሕዝብ ሀብት» አደረገው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን «የመንግሥት» አደረገ። ሁለቱ ቃላት በአምስት ወር ልዩነት የተጻፉ ናቸው፤ በብዙ ሰው አንደበትም አንድ ትርጉም ይዘው ኖረዋል። ይሁንና በከተማና በገጠር ድንበር ላይ ለቆመ ዱር ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። የሕዝብ የሆነውን ነገር የሚያስተዳድር ሹም አደራ ተቀባይ ነው። የመንግሥት የሆነውን የሚያስተዳድር ሹም ግን ራሱን ባለንብረት አድርጎ ለማየት ብዙ አይርቅም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ሁለቱን ቃላት አጣምሮ፣ የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። መጣመራቸው መልካም ነው፤ ግን ሁለቱ ቢለያዩ የማን ቃል እንደሚጸና አይናገርም። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ከፌዴራል ሕግ ወደ ከተማው፣ ከከተማው ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከክፍለ ከተማው ወደ ወረዳው። ዱሩን በየቀኑ በዓይኑ የሚያየው ወረዳው ነው። የመኖሪያ ቦታ፣ የትምህርት ቤት፣ የአምልኮ ስፍራ፣ የወጣቶች መሥሪያ ሼድ ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰውም እርሱ ዘንድ ነው። ጥያቄዎቹም አብዛኞቹ እውነተኛ ችግር የወለዳቸው ናቸው። የዱር አደጋ ሁልጊዜ ከክፉ ሰው ይመጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። ከ1972ቱ አዋጅ ቁጥር 192 ጀምሮ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 94፣ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 542፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1065 የአገሪቱን ደን ለመጠበቅ ወጥተዋል። የመጨረሻው አዋጅ ከግልና ከመንግሥት ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደን የሚባሉትንም ማወቁ ትልቅ እርምጃ ነው። የ1999ኙን አዋጅ የቅጣት አንቀጽ ያነበበ ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ከመንግሥት ደን ያለፈቃድ ዛፍ የቆረጠ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ብር፣ በደን ውስጥ የሰፈረ ወይም እርሻውን ያስፋፋ ከ2 ዓመት ያላነሰ እስራትና 20,000 ብር ተቆርጦለት ነበር።

ይህ ቅጣት በዓይነ ኅሊና የሚስለው ማንን ነው? በእንጦጦ ዳገት ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ከገዛ ክብደታቸው የማይተናነስ ሸክም ቅጠልና ጭራሮ በወገባቸው አስረው፣ ጎብጠው ወደ ከተማ የሚወርዱትን እናቶች አዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በላይ አይታቸዋለች። የከተማይቱ እንጀራ የተጋገረው በእነርሱ ጀርባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሠዓሊው ሥሏቸዋል፣ ፎቶግራፍ አንሺው አንስቷቸዋል፣ ጥበቃውም አባሯቸዋል። ሕጉም በደንብ ያውቃቸዋል፤ መጥረቢያ የያዘ እጅ በሕግ ዓይን ፊት ጎልቶ ይታያልና። ማኅተም የያዘ እጅ ግን እንዲህ አይታይም። አንዲት ሴት በዓመት የምትለቅመውን ጭራሮ ሁሉ ቢደምሩት፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ «የአገልግሎት ለውጥ ተደርጎለታል» ተብሎ ከዱሩ ተቆርሶ የሚሄደውን አንድ ሄክታር አያህልም። ጭራሮው በሚቀጥለው ክረምት ይተካል፤ ሄክታሩ አይመለስም። በእርግጥ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ አዟል፤ የከተማው መዋቅራዊ ፕላንም ለአረንጓዴ ስፍራ ከከተማይቱ መሬት 30 በመቶ መድቧል። ነገር ግን ግምገማ ምክር ነው፣ ፕላንም ይከለሳል። እንደ እንጨት ለቃሚዋ ቅጣት ጥርት ያለ፣ በብርና በዓመት የተቆረጠ ዋጋ በማኅተሙ ፊት አልተቀመጠም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የግለሰብ ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሣ እንዲከፈል፣ ተነሺውም እንዲቋቋም የሚደነግግ ሕግ አለ፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ይህንኑ በሰፊው ይዘረዝራል። የሕዝብ ዱር ለሌላ አገልግሎት ሲወሰድስ ለሕዝቡ ካሣ የሚከፍለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ሌሎች አገሮችም ጠይቀውታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የመሬትና የውኃ ጥበቃ ፈንድ ሕግ፣ አንድ ከተማ ወይም ክፍለ ሀገር በዚህ ገንዘብ ያለማውን መናፈሻ ለሌላ ተግባር ለማዋል ቢሻ አስቀድሞ ማስፈቀድና በዋጋም በጥቅምም የሚተካከል ሌላ ቦታ መተካት እንዳለበት ይደነግጋል። የማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ የተያዘ የሕዝብ መሬት ያለ ሕግ አውጪዎቹ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ወስኗል። እነዚያ ሕጎች ሹሙን ሌባ ነው ብለው አልተነሱም። አንድ ሹም በአንድ የሥራ ዘመን የሚወስነው ነገር ዛፉ ከሚኖርበት ዘመን ማጠሩን ብቻ አስበዋል። የተውሶ ሕግ እንደ ተውሶ ልብስ ነው፣ ልኩ ላይገጥም ይችላል፤ «ከወሰድህ ተካ» የሚለው ግን በማንኛውም የአገራችን ዕድር ወይም ዕቁብ ውስጥ የሚገኝ ሕግ ስለሆነ እንግዳ ሊሆን አይገባውም።

የጥበብ ሰዎች ይህ የሕግ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለው ሊያልፉት አይገባም። ጥድ ሲጠፋ አብሮት የሚጠፋ ብዙ ነው። ክራሩና ማሲንቆው ከእንጨት ነው የሚወጣው። መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ ይሰፋል፤ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ኮሶን በመድኃኒትነቱ የማያውቅ የቀድሞ ሰው አልነበረም። በከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ ቀጋ፣ ኮሽም፣ አባሎ የሚሉትን ቃላት ከመጽሐፍ ያነብ ይሆናል፤ ፍሬውን ቀምሶ፣ እሾኹ ወግቶት ካላወቀ ግን ቃሉ በአፉ ውስጥ ባዶ ቅርፊት ነው። በ1972 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውና ስምንት ቅጽ ሆኖ ለመፈጸም ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር 6,000 ያህል ዝርያዎችን መዝግቧል። የዚህ ታላቅ ሥራ አንዱ ምሰሶ የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የዕፅዋት ማዕከሉንም በመምራት አገልግለዋል። ዝርዝሩ መዝገበ ቃላት ከሆነ ዱሩ ሕያው ንግግር ነው፤ ለአንድ መምህርም ተማሪዎቹን ይዞ የሚሄድበት ሁለተኛ ክፍል ነው።

የአንድ ስፍራ አገልግሎት በግልጽ ተጽፎ ባይጠበቅ ምን እንደሚሆን ለማየት ከኮልፌ ቀራንዮ መውጣት አያስፈልግም። በደቡቡ በኩል ቆሼ አለ። ቆሻሻው መጣል ሲጀምር ስፍራው ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማይቱ ግን እያደገች ደረሰችበት፤ ማረፊያ ያጣውም ሰው ከሥሩ ጎጆውን ቀለሰ። ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያ መሬት ላይ ማን እንደሚኖር፣ ክምሩ የት ላይ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚዘጋ በየጊዜው ይነገር እንጂ አንዱ ንግግር ሌላውን የሚያስር አልሆነም። ከዕፅዋት ማዕከሉ ዳገት እስከ ቆሼ ሜዳ ያለው መሬት ሁሉ የአንድ ሕዝብ ነው፤ በአብዛኛውም በአንድ ክፍለ ከተማ ሥር ይተዳደራል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ ካድሬውም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም አካፋ ይዞ መውጣት ለምዷል። የተተከለው በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ችግኝ ሲተከልም ከበሮ ይመታል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። የዱሩ ወሰን ድንጋይ ሲነቀል ግን ከበሮ የሚመታ የለም። ስለዚህ የኮልፌ ነዋሪ በወረዳው ስብሰባ ላይ ስንት ችግኝ ተተከለ ብሎ ሲጠይቅ፣ የወሰኑ ካርታ በየትኛው ክፍል ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ፣ ባለፈው ዓመት ከነበረው ጋር ልኩ አንድ መሆኑንም ቢጠይቅ መብቱ ነው። ካርታውን አውጥቶ ማሳየትም የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነው።