ፒያዞላ የደበቀው፣ እኔ የደበቅሁት

ዛሬ ከፖለቲካው ዞር ብዬ ስለ አንድ አርጀንቲናዊ ላወጋችሁ ነው። ወሬው ዞሮ ዞሮ እኔው ቤት ይገባል።

ሰውዬው አስቶር ፒያዞላ ይባላል። በ1921 ተወልዶ በ1992 አረፈ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ባንዶኔዮን የተባለውን የአኮርዲዮን ዘመድ ይጫወታል። በወጣትነቱ እንጀራው በቦነስ አይረስ የምሽት ክበቦች ታንጎ መጫወት ነበር። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እንደ ባርቶክና ስትራቪንስኪ ያለ «ቁም ነገረኛ» አቀናባሪ መባል ይፈልጋል።

በ1954 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ፓሪስ ገባ፤ የታወቀችው መምህርት ናዲያ ቡላንዤ ተማሪ ሆነ። ሲምፎኒዎቹን አሳያት። ታንጎውን ደበቀ፤ ያፍርበት ነበር።

በኋላ ፒያዞላ ራሱ ሲያወራው፣ መምህርቷ ሥራዎቹን አገላብጣ የሌሎቹን አቀናባሪዎች እጅ አየችባቸው፤ የእሱን ግን አጣችው። አውጣጥታ ታንጎ ተጫዋች መሆኑን አናዘዘችው። ፒያኖ ላይ አንዱን አስጫወተችውና «እውነተኛው አንተ ይኼ ነህ፤ እንዳትተወው» ዓይነት ነገር አለችው።

ምቱን እናንተም ሞክሩት። ከአንድ እስከ ስምንት እኩል እየቆጠራችሁ አንድ፣ አራትና ሰባት ላይ ጠረጴዛውን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። የመጨረሻዋ ስለምታጥር ሰውነት ሳያስበው ወደፊት ይገፋል። ፒያዞላ ይህን የጭፈራ ምት ይዞ ወደ ቻምበር ሙዚቃ ገባ፤ ጥቂት ሰዎች ያለ መሪ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ ይዞ ወደሚጫወትበት። ለዋሽንትና ለጊታር የጻፈው «የታንጎ ታሪክ» በ1900 ከሴተኛ አዳሪዎች ቤት ይነሳል፤ በ1930 ካፌ፣ በ1960 የምሽት ክበብ አልፎ ዘመናዊ ኮንሰርት ላይ ያበቃል። መነሻውን አልሸፈነም። በአገሩ የጥንቱ ታንጎ ወዳጆች «ታንጎን ገደለው» ብለው ሲያወግዙት ኖረዋል። ዛሬ ግን ቫዮሊንና ቼሎ ተጫዋቾች ሥራዎቹን በየአገሩ ይጫወቷቸዋል። ከዚህ ማን ተጠቀመ ብትሉኝ፣ አዳራሹ እላለሁ።

አሁን ወደ ቤቴ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የዶርም ልጆች «አያትህ ምን ነበሩ?» ሲሉኝ «ገበሬ» እል ነበር። አያቴ አዝማሪ ነበሩ። በየሠርጉና በየጠጅ ቤቱ ማሲንቆ ይመቱ ነበር። ቀን የሚንቃቸው ሰው ማታ ግንባራቸው ላይ ብር ይለጥፍላቸዋል። እኔም ከቀን ሰዎቹ ወገን ቆምኩ።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ መቅረጸ ድምፅ ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም። የስንቱን ባለሥልጣን መግለጫ ቀዳሁበት! ዛሬ አንዱንም መልሶ የሚያዳምጠው የለም። አያቴ ግን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው አላስቀመጥኩትም። «ስለ ጠጅ ቤት ዘፈን ማን ቁም ነገር ይለዋል?» እያልኩ። ሲያርፉ ግጥማቸውም፣ ምታቸውም አብሮ ተቀበረ። ማሲንቆው እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጭራው ተበጥሷል።

ፒያዞላ የደበቀውን የምታወጣ መምህርት አገኘ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም እዋሽ ነበር።

እናንተ ግን ስልካችሁ ላይ መቅጃ አለ። የሚያንጎራጉሩ አያት፣ የሚያቅራሩ አጎት ካሏችሁ ሳይመሽ ቅዷቸው።

መልካም ሰንበት።