«እሠራልዎታለሁ» ያልኩ ቀን

ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚታጠፈው መንገድ አፍ ላይ አንድ ታፔላ ለወራት ቆሞ ነበር። ከሩቅ ሲታይ ደህና ነው። ቀረብ ሲሉት ግን የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጧል፤ የታንኳው ሥዕል አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ሆኗል። ትንሽ ምስል በግድ ተለጥጦ ትልቅ ሸራ ላይ ሲታተም እንዲህ ነው የሚሆነው። ትንሿን ምስል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጥርት ያለው ፋይል ያኔ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒም፣ የሰርግ ካርድም፣ ሎጎም በምሠራባት ጠባብ ክፍሌ አንድ የአባቴ ወዳጅ መጡ። ሐይቁ ዳር ባላቸው ቦታ አምስት ክፍል ማረፊያና ዓሣ ቤት ሊከፍቱ ነው። መስከረም 21 የግሼን ማርያም ንግሥ ነው። ግሼን ወዳለበት ወደ አምባሰል ከሚተመው ተጓዥ ብዙው በዚያው የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሊሳለም ጎራ ይላል። ቤቱ ለዚያ ሰሞን እንዲደርስላቸው ፈልገዋል።

«ሎጎውን፣ ሜኑውን፣ ባነሩንና ታፔላውን ትሠራልኛለህ?» አሉኝ።

«እሠራልዎታለሁ፣ ጋሼ።»

«ስንት ልክፈልህ?»

«12 ሺህ ብር ይበቃኛል። እስኪወዱት ድረስ ደግሞ አስተካክላለሁ።»

ቀብድ ሊሰጡኝ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ያዝኳቸው። «ኧረ ጋሼ፣ ይደርሳል፤ እኛ መሀል ምን አለ!» አልኩ። አባቴ ሲሞት ድንኳን የጣሉ፣ ሰልስቱ እስኪያልፍ ከደጃችን ያልተለዩ ሰው ናቸው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ስለ ገንዘብ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነውር መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ነውር የነበረው አለመነጋገሬ ነው።

ሥራውን ወድጄ ነው የጀመርኩት። አንድ ማለዳ ወደ ሐይቁ ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹ ከውሃው ሲመለሱ ተቀምጬ ነደፍኩ፤ የታንኳዋን ጎባጣ ጀርባ፣ መቅዘፊያውን፣ ከኋላዋ የሚዘረጋውን የውሃ መስመር። «ሐ» የሚለውን ፊደል ታንኳዋ ላይ እንደቆመ ቀዛፊ አድርጌ አቆምኩት። ጋሼ ሲያዩት ዝም ብለው ቆዩና «ይሄ እኮ የኛው ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያስደሰተኝ ሥራ የለም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አረብ አገር ያለው ልጃቸው በቴሌግራም አይቶት ወርቃማ ይሁን አለ። ባለቤታቸው እቴቴ ጀበና ይግባበት አሉ። የወንድማቸው ልጅ ታንኳዋ ትቅርና ትልቅ ዓሣ ይደረግ አለ። ልጁ እንደገና ጽፎ ዓሣው ይቅር አለ። «እስኪወዱት» ብያለሁና ሁሉንም ሠራሁ። ማን ሲወደው ሥራው እንደሚያልቅ ግን ከመጀመሪያው አልጠየቅኩም። አሥራ አንድ ጊዜ ለውጬ፣ ጳጉሜን አልፎ መስከረም ሲገባ፣ ተመልሰን የመጀመሪያዋ ታንኳ ላይ አረፍን። እኔ በዚያ መሀል ሁለት የሰርግ ካርድ ሥራ መልሻለሁ። ጋሼ ይህን አያውቁም። አልነገርኳቸውማ።

መስከረም 14 ቀን ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አጥሩ ጋ ሁለት ብረት ቋሚ በሲሚንቶ አስተክለው ጠበቁኝ።

«ታፔላው በምን መጣ?» አሉኝ።

የምን ታፔላ? ታፔላውን የሠራሁት እኮ ኮምፒውተር ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ታፔላ ይሠራል ሲባል የሚያውቁት ብረቱ ተበይዶ፣ ሸራው ታትሞና ተወጥሮ፣ መንገድ ዳር ሲቆም ነው። ልክ ናቸው። በአማርኛችን ወንበር ይሠራል፣ ቤት ይሠራል፣ ወጥ ይሠራል፤ የተሠራው ነገር በእጅ የሚያዝ፣ የሚገባበት፣ የሚበላ ነው። «ታፔላ እሠራለሁ» ብሎ ሥዕሉን ብቻ ይዞ መምጣት የኛ የዲዛይነሮች ቋንቋ እንጂ የአገሩ ቋንቋ አይደለም። እኔ 12 ሺህ ያልኩት ለሥዕሉ ነው። እሳቸው በ12 ሺህ የተስማሙት ደሴ ለሚታተመው ሸራ፣ ለብረቱ፣ ለመትከያውም ጭምር ነው። አንድ ግስ ነበረች፤ ሁለታችንም በየራሳችን ለበስናት።

በዚያች ሰዓት ይህን ሁሉ አላሰብኩም። የታየኝ አሥራ አንዱ ለውጥ፣ የመለስኳቸው ካርዶችና ያልተቀበልኩት ቀብድ ነው። እሳቸው «ጨርሰህ አምጣና ብሩን እንካ» ሲሉ፣ እኔ «መጀመሪያ ብሩን» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ፍላሹን ኪሴ ውስጥ እንዳለ ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ልጃቸው ከሩቅ ሆኖ ደጋግሞ ጻፈልኝ። «ያው» ብዬ ለቴሌግራም ማያ ብቻ የምትሆነውን ትንሽ ምስል ላክሁ። ለሸራ እንደማትሆን አውቅ ነበር፤ ሙያዬ ነው። ደሴ ወስደው እሷኑ አሳተሟት። መስከረም 21 ተጓዡ በአውቶቡስ በአውቶቡስ ሲያልፍ ያች የተቆራረጠች ታንኳ መንገዱ ላይ ቆማ ነበር። በፊቷ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼ ሱቄ መጡ፤ 6 ሺህ ብር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ ሥዕሉ ብቻ ነው ብትለኝ እኮ ለብረቱ ሌላ እከፍል ነበር። ብትነግረኝ እኮ» አሉና ወጡ። ሻይ እንኳ አልጠጡም።

«ፋይሉ የኔ ነው» የሚለው ሐሳብ ለተወሰነ ጊዜ አጽናንቶኛል። ደሴ ያለ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄን ሄጄ ስጠይቀው ግን ማጽናኛዬን ነጠቀኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው በሌላ ሰው ታዞ ሲሠራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለመብቱን አዛዡን ያደርጋል። ሌላ ስምምነት ቢፈለግ መጻፍ የነበረበት ቀን አለፈ ማለት ነው። እኔ «መብቴ» እያልኩ የያዝኩት ነገር ላይ ሕጉ ቆሞ የነበረው ከጋሼ ጎን ሳይሆን አይቀርም።

ያው ወዳጄ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ አስነበበኝ። ቁጥር 1719 ሕግ ልዩ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በምንም መልክ ሊደረግ ይችላል ይላል፤ ስለዚህ «እሠራልዎታለሁ» ማለቴ ራሱ ውል ነበር። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። ቁጥር 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ ከቃሉ ወጥቶ የተዋዋዮቹን ሐሳብ እንዳይተረጉም ይከለክላል። የኛ ቃል ግልጽ አልነበረም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ የቀብድ ነገር ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ ሊወጣ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ደግሞ ልውጣ ካለ እጥፉን ይመልሳል። እኛ በየሱቃችን ለቀለምና ለወረቀት መግዣ የምንቀበለውን ሁሉ «ቀብድ» እያልን ደረሰኝ ላይ እንጽፋለን። አብዛኛው ግን ቅድሚያ ክፍያ ነው። ቃሉ ሲለወጥ ዕዳው ይለወጣል።

በዚያው ዓመት ጥር ለአንድ የጥምቀት ባነር ሥራ አምባሰል ውስጥ ወዳለችው ውጫሌ ሄድኩ። ለብዙ ሰው አምባሰል ማለት ቅኝቱ ነው፤ እኔም ከልጅነቴ በክራር የማውቀው ስም ነው። ያን ቀን ግን ይስማ ንጉሥ የተባለውን ስፍራ ሳየው ሌላ ነገር መጣብኝ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚህ ነው። አንቀጽ 17ን ትምህርት ቤት እንደ ታሪክ ጥያቄ አጥንቼው ነበር። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። አጼ ምኒልክ ልዩነቱ የተገለጠላቸው ለነገሥታቱ በቀጥታ ጽፈው፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ በሮም በኩል ይሁን ሲላቸው ነው። ከዚያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ሆነ፤ ውሉም በጥቅምት 1889 በአዲስ አበባ በተፈረመው ሌላ ውል ተሻረ። የኔን ታፔላ ከዚያ ደም ጋር አላስተካክልም። እዚያ ተንኮል ነበር፤ እኔና ጋሼ መሀል ተንኮል አልነበረም። ግን ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው፦ እነሱ በሁለት ቋንቋ ያጡትን መግባባት እኛ በአንድ ቋንቋ አጣነው።

ወደ ሐይቅ ስመለስ ያለ ውል የኖርኩበትን ምክንያት ለራሴ ጠየቅኩ። ምክንያቴ «ከወዳጅ ጋር ወረቀት አያስፈልግም» ነበር። እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ፣ የገዳሙ አበምኔት የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል አለ። የራሳቸው ምስል ተሥሎበታል፤ ለገዳሙ የሰጡትም ነገር ተጽፎበታል። የሰጡት ለራሳቸው ገዳም፣ ለመንፈስ ልጆቻቸው ነው። ከዚያ በላይ ምን ዝምድና አለ? እሳቸው ከጻፉ እኔ ጋሼ ፊት መጻፍን ነውር ያልኩት ከየት አምጥቼ ነው?

ሚያዝያ ላይ ፋይሉን በሦስት ዓይነት፣ ለሸራ፣ ለወረቀትና ለስልክ የሚሆነውን፣ በፍላሽ ይዤ ወረድኩ። ጋሼ በረንዳው ላይ መረብ የሚጠግኑ ሁለት አጥማጆችን ያጫውታሉ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ምስሏ ለሸራ እንደማትሆን እያወቅሁ መላኬንም ተናገርኩ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር። ረጅም ጊዜ ውሃውን ሲያዩ ቆዩ።

«አውቄው ነበር» አሉ። «አታሚው ነግሮኛል።»

ከዚያ እቴቴ ቡና አቀረቡ። ጋሼ አዲስ ታፔላ እንደሚፈልጉ ሲነግሩኝ ከደብተሬ ወረቀት ቀደድኩ። «ታፔላ መሥራት» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። «የታፔላውን ዲዛይን አዘጋጅቶ ፋይሉን ማስረከብ» ብዬ ዋጋውን ጻፍኩ። ከሥሩ «ሸራውን ማሳተም፣ ብረቱን ማስበየድ፣ መትከል» ብዬ ሌላ ዋጋ አወጣሁ። ማስተካከያ እስከ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ በላይ በተጨማሪ ክፍያ። ግማሹ ቅድሚያ ክፍያ፣ ቀሪው ፋይሉ ሲሰጥ። ሎጎው ሙሉ በሙሉ የእርስዎ፤ እኔ ሥራዬን ለማሳየት ልጠቀምበት።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሙ።

«ማስተካከያ የሚያዘው ማን ነው?»

«እርስዎ ይበሉ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ጻፈው። ልጁም እናቱም ለኔ ይንገሩኝ፤ አንተ ከኔ ብቻ ስማ።» ወደ እቴቴ ዞር አሉ። እቴቴ ስኒ እየደረደሩ «ጀበናዋ ግን ሜኑው ላይ ትግባ» አሉ። እሱንም ጻፍነው።

ፈርመን ስንጨርስ ጋሼ ወረቀቱን ለአጥማጆቹ ዘረጉላቸው፤ ምስክር ይሁኑን ብለው። ታላቁ እጁን በሱሪው ጠረገና ብዕሩን ተቀበለ። ስሙን ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ጻፈ። ወረቀቱን ሲመልስልኝ ከአውራ ጣቱ የቀረች አንዲት የዓሣ ቅርፊት ከፊርማው ጎን ተጣብቃ ነበር። እስካሁን ፋይሌ ውስጥ አለች።