ቁልሉን ከፍ የሚያደርገው ተጫዋች

አንባቢ ሆይ! ከልጆች ጨዋታ ምን ቁም ነገር ይገኛል ትለኝ ይሆናል። እኔ ግን ፖኬሞን ፐዝል ሊግ በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ያስተዋልሁትን ልንገርህ።

ጨዋታው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2000 ዓ. ም. ለኒንቴንዶ 64 የወጣ ነው። ፒካቹና ጓደኞቹ ከካርቱን ፊልማቸው መጥተው ያደምቁታል እንጂ ሥርዐቱ፥ በዚያው አቈጣጠር በ1995 ዓ. ም. በጃፓን ከወጣው ከፓኔል ደ ፖን የተወረሰ ነው። ባለ ቀለም ጡቦች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አንተም ጐን ለጐን ያሉትን ሁለቱን ታለዋውጣለህ፤ ሦስት አንድ ዓይነት ጡቦች በመስመር ሲገጥሙ ይጠፋሉ። ቁልሉ ጣራውን ከነካ ግን ተሸነፍህ።

ጀማሪ ያገኘውን ሦስት ሁሉ ወዲያው ያጠፋል። እኔን ያስደነቀኝ የሠለጠነው ተጫዋች ነው፤ ቁልፍ ተጭኖ ቁልሉን በገዛ እጁ ከፍ ያደርገዋል! እብደት አይምሰልህ። ጡብ ካነሰ የሚያያይዘው የለውም። ሲበዛለት ግን፥ የታችኛው ሲጠፋ የላይኛው ወርዶ ከሌላው ጋር እንዲገጥም አስቀድሞ ያሰናዳል፤ ከዚያም አንዱን ቢነካ ብዙው ተከታትሎ ይፈርሳል። ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙም በተቀናቃኙ ላይ ከባድ ጡብ ይወርድበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፥ ጡቦቹ በሚጠፉበት ጊዜ ቁልሉ መውጣቱን ያቆማል። ዕረፍቱን የሚያገኘው ሥራውን አያይዞ የጨረሰ ነው።

እርግጥ፥ ልክ ያጣ ሰው ይወድቃል፤ አብዝቶ ቆልሎ ከጣራው የሚጋጭ አለ። ስለዚህ ወዳጄ፥ ትምህርትም ሆነ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሲበዛብህ፥ የቱ ቢነሣ የቱ ተከትሎ እንደሚቃለል አስቀድመህ ተመልከት። የጣራህንም ከፍታ ዕወቅ።