ሻምበል ጀርመን አይደለም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ያስተማርኳችሁ ልጆች በተለይ አንብቡት፤ መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

ዐምና ነሐሴ ላይ እህቴ ግቢ ሌባ ገባ። ለእንቁጣጣሽ የተገዛውን በግ ከነገመዱ ይዞት ሄደ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ቤቱ ቢያድር ነው፤ ቤት ውስጥ ያሉት እሷና ሁለት ልጆቿ ናቸው። በማግስቱ ጠራችኝና "አንተ የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለህ? ደህና ውሻ ፈልግልኝ። ጀርመን ይሁን" አለችኝ።

እኛ ከተማ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጆሮው የቆመ ትልቅ ውሻ ሁሉ "ጀርመን" ነው። ትንሽና ጸጉራም ከሆነ "የፈረንጅ ውሻ" ይባላል። የቀረው የሐበሻ ነው። (የሐበሻውም ጆሮ ብዙ ጊዜ የቆመ ነው እኮ፤ ግን እሱን ጀርመን የሚለው የለም። በነጻ ስለሚገኝ ይመስለኛል።)

አዲስ አበባ ወረድኩና መንገድ ዳር ቡችላ በካርቶን ይዘው ከሚቆሙት ልጆች አንዱ ጋ ሄድኩ። ሦስት ቡችሎች ነበሩ፤ የሁለት ወር ናቸው አለኝ። መልካቸው ፈካ ያለ ቡናማ፣ አፋቸው ጥቁር። "ንጹህ ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ አባቱን ላሳይህ" ብሎ ስልኩን አወጣ። ቪዲዮው ላይ የሆነ ውሻ ይሮጣል። እኔም እንደሚያውቅ ሰው አፉን ከፍቼ ጥርሱን አየሁ፣ መዳፉን በጣቴ ለካሁ፣ አብሮኝ ለሄደው ጓደኛዬ "ጥቁር አፍ የጀርመን ምልክት ነው" ብዬ አስረዳሁ። ሻጩ ዝም ብሎ ይሰማኛል። ከሱ በላይ እኔ ነበርኩ የምሸጠው። የወር ደሞዜን ግማሽ የሚጠጋ ብር ከፍዬ፣ ቡችላውን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ።

ስሙን የእህቴ ልጆች ሻምበል አሉት። ጎረቤታችን የድሮ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ "ይኸው ውሻም በማዕረግ በለጠኝ" ብለው እስከ ዛሬ ያስቁናል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በፍቅር ነው ያሳለፍነው። ጆሮው ቶሎ ቆመ። ሌሊት ኮቴ ከሰማ ይጮሃል፤ እህቴ እንቅልፍ አገኘች። ከአምስት ወር በኋላ ግን ነገሩ ተቀየረ። መጀመሪያ ጫማ በላ። ቀጥሎ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ እያወረደ መጎተት ጀመረ። አንድ ቀን እናታችን የሰጠቻትን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ያንን ወፍራሙን፣ ለሁለት ሰንጥቆት ተገኘ። አጥሩን ዘሎ ሦስት ጊዜ ወጣ። ከዚያ በሰንሰለት ታሰረ። ሲታሰር ደግሞ ባሰበት፤ ቀኑን ሙሉ በአንድ በኩል ብቻ ይዞራል። የዞረበት መሬት ልክ በኮምፓስ የተሰራ ክብ መሰለ። 

ግንቦት ላይ የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ስትሯሯጥ ሰንሰለቱ ተፈታ። ተከትሎ ባቷን ነከሳት። ጥልቅ አልነበረም፤ ግን ደምቷል። የነበርኩት እዚያው ነው። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብነው (ይሄንን ሁላችሁም ያዙ፤ ውሻ ሲነክስ ከምንም በፊት ይሄ ነው) ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ሻምበል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዶ ወረቀቱም ስለነበር ትንሽ ተነፈስን። ቢሆንም 10 ቀን ታስሮ በባለሙያ እንዲታይ ተባለ።

ማታ የእህቴ ባል መጣ። ልጁን አቅፎ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "እኔ ጀርመን አውቃለሁ። አንድ ድርጅት ስሰራ መጋዘኑን የሚጠብቅ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ እንደ ሰው የሚያስብ። ይሄ ጀርመን ሆኖ እንዲህ ካደረገ አንጎሉ ልክ አይደለም። አስሩ ቀን ይለቅና ይወገድ" አለ። መርዝ ማለቱ ነው። 

እኔ ምን አልኩ? ተቃወምኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። "ወንድምና እህት አዳቅለውት ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ አይነት ችግር ያመጣል" ብዬ ፍርዱ ላይ ሳይንስ ጨመርኩበት። በሰላሳዎቹ ዕድሜ ያለሁ፣ በየዓመቱ አስረኛ ክፍል ፊት ቆሜ ስለ ማስረጃ የማወራ ሰው።

በሦስተኛው ቀን ውሻውን ልታይ የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ከአሥር ዓመት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ሆና ተገኘች። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ይሄን ስታነብ ራሷን ታውቃለች። በሩን ከፍታ ስትገባ ሻምበል እየጮኸ ተነሳ። እሷ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ አየችው አየችውና "ቲቸር፣ ይሄ ማሊኖዋ ነው እኮ። ማነው ጀርመን ነው ያላችሁ?" አለች። እህቴ ወደ እኔ ዞረች። የእህቴ ባልም ወደ እኔ ዞረ።

ማሊኖዋ (ማሊኖይስ የሚሉትም አሉ) የቤልጂየም እረኛ ውሻ ነው። እኔ ግን ልከራከር ሞከርኩ። ቀለሙ፣ ጥቁር አፉ፣ ጆሮው... አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። እሷ አልተከራከረችኝም። "እትዬ፣ የልብስ ሜትር አለዎት?" ብላ እህቴን ጠየቀቻት። 

ሻምበልን አረጋጋችው፤ ከኪሷ ያወጣችውን ነገር አስላሰችው፤ እኔ አንገቱን ይዤ ለካችው። ከመሬት እስከ ትከሻው አናት 60 ሳንቲ ሜትር። ከደረቱ ጫፍ እስከ መቀመጫው 61። "ካሬ ነው" አለች። ማሊኖዋ ቁመቱና ርዝመቱ እኩል ለእኩል ነው። ጀርመን ሼፐርድ ግን ርዝመቱ ከቁመቱ ከ10 እስከ 17 በመቶ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቁመቱ 60 ከሆነ ርዝመቱ ከ66 እስከ 70 መሆን ነበረበት። ከዚያ እሱን አቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ (ምን ያህል እንደቧጨረኝ ተዉት)፤ የኔን ስንቀንስ 26 ኪሎ። ያደገ ወንድ ጀርመን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። ማሊኖዋው ከ25 እስከ 30።

"አሁን ጀርባውን ይዩት" አለችኝ። ቀጥ ያለ ነው። ብዙ ጀርመኖች፣ በተለይ ለውድድር መልክ የሚራቡት፣ ጀርባቸው ወደ ኋላ ይወርዳል፣ የኋላ እግራቸውም ጎበጥ ይላል። ጆሮው ያነሰና የተስተካከለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የጀርመኑ ይበልጣል። ጅራቱ እንደ ጀርመኑ የተንዠረገገ አይደለም። ጸጉሩ አጭር፣ ከላይ እስከ ታች ቡናማ፣ ጫፍ ጫፉ ብቻ ጥቀርሻ የነካው የሚመስል። ጀርመን ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ጥቁር ኮርቻ የተጫነበት ይመስላል፤ ግን ሙሉ ጥቁርም አለ፣ ተኩላ የሚመስል ግራጫም አለ፤ ስለዚህ በቀለም ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ጥቁር አፍ ደግሞ ሁለቱም ላይ አለ። በእኔ ትምህርት ውስጥ ዋናው ምልክት የነበረው፣ ምንም የማይለየው ምልክት ነበር።

ከሁሉ ያሳፈረኝ የቡችላነቱ ነገር ነው። ኮርቻ ያለው ጀርመን በሁለት ወሩ አብዛኛው ሰውነቱ ጠቆር ያለ ነው፤ ሲያድግ ነው እየፈካ የሚሄደው። የኔው ካርቶን ውስጥ ሳለ ጀምሮ ፈካ ያለ ነበር። እኔ ጥርስ እቆጥር ነበር።

እሷም ግን ተጠንቅቃ ነው የተናገረችው። "ወረቀት ስለሌለው ንጹህ ነው ብዬ አልፈርምልዎትም፤ ድብልቅ ሊኖርበት ይችላል። ግን ያያችሁት ጠባይ በሽታ አይደለም፤ ሥራ ያጣ ማሊኖዋ ነው" አለች። የእህቴ ባል "ታዲያ ልጄን መንከሱስ?" አላት። መልሷን ወድጄዋለሁ። "ንክሻ ንክሻ ነው ጋሼ፣ አላቃልለውም። ይሄ ውሻ ዘሩ የመንጋ እረኛ ነው። የሚሮጥ ነገር ሲያይ ይከብባል፣ ከኋላ ይይዛል። በግ ላይ ቢሆን ጎበዝ ትሉት ነበር። ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ቀኑን ሙሉ አስራችሁ ስትለቁት ግን ይሄ ይመጣል።" በግ ተሰርቆብን የገዛነው ውሻ የበግ እረኛ መሆኑን ያኔ ነው የሰማነው።

የዚያን ዕለት ሌሊት አልተኛሁም፤ ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። ነገሩ ሲታይ የሁለት ጎረቤታሞች ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመንም ቤልጂየምም ውስጥ በግ የሚጠብቁ ተመሳሳይ ውሾች ነበሩ። 1891 ላይ አዶልፍ ሩል የተባለ የእንስሳት ሕክምና ፕሮፌሰር የቤልጂየሞቹን ሰብስቦ አጥንቶ በጸጉራቸው ለይቶ መደባቸው። ዛሬ አራት ዓይነት ናቸው፤ አጭር ጸጉር ያለው ማሊኖዋ የተባለው ከማሊን ከተማ ነው። 1899 ላይ ደግሞ ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን ካርልስሩኸ ከተማ የውሻ ትርኢት ላይ አንድ ውሻ አይቶ ገዛ፣ ስሙን ሆራንድ አለው፣ ማኅበር አቋቋመ። የጀርመን ሼፐርድ መዝገብ የመጀመሪያው ውሻ ሆራንድ ነው። ስም ሳይቀር እንደ ፖለቲካው ሲገለባበጥ ነው የኖረው፤ እንግሊዞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ "ጀርመን" የሚለውን ቃል ጠልተው ውሻውን "አልሴሺያን" ብለውት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገዳቸው ተለያየ። ጀርመኑ ከበደ፣ ረዘመ፤ በዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም በጣም ይታወቃል። ማሊኖዋው ቀላልና ፈጣን ሆኖ ስለቀረ ዛሬ ብዙ አገር ፖሊስና ወታደር የሚፈልገው እሱን ነው። 2011 ላይ ቢን ላደን በተገደለበት ዘመቻ ከአሜሪካ ኮማንዶዎች ጋር የገባው ካይሮ የተባለው ውሻ ማሊኖዋ ነበር። እንግዲህ እኛ የእሱን ዘመድ ብርድ ልብስ ጠብቅ ብለን በሁለት ሜትር ሰንሰለት አስረነዋል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያቺ ልጅ አስረኛ ክፍል እያለች ስለ ክላሲፊኬሽን ሳስተምር እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ውሾች ሁሉ አንድ ስፒሺስ ከሆኑ በምንድነው የምንለያቸው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰባ ተማሪ አለ። "ፈተና ላይ አይመጣም" አልኳትና ቀጠልኩ። እኔ ረስቼው ነበር። እሷ ሜትሩን እየጠቀለለች ፈገግ ብላ "ቲቸር፣ ፈተና ላይ መጣ አይደል?" ስትለኝ ነው ትዝ ያለኝ። እህቴ ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራ ሳቀች።

አስሩ ቀን አለፈ፤ ሻምበል ጤነኛ ነው። የልጅቷም ቁስል ደርቋል፤ ግን አሁንም ስታየው በሌላ በኩል ዞራ ነው የምታልፈው። አልፈርድባትም። የእህቴ ባል ስለ መርዝ ማውራቱን አቁሟል፤ ያም ሆኖ "ይቆይ" አላለም። እኔ ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ እንኳን ማሊኖዋ ድመትም አይፈቅዱም። ስለዚህ ላለፉት ሰባት ሳምንታት ጠዋት 12 ሰዓት እየሄድኩ አስወጣዋለሁ። በዚህ ብርድ አብረን አንድ ሰዓት እንሮጣለን፣ ከዚያ ዱላ እደብቅና ይፈልጋል፣ ተቀመጥ ና ቆይ እንለማመዳለን። ከሥጋ ቤት ሳንባ የምገዛው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ስደርስ ሱሪዬ ጭቃ ነው፤ ተማሪዎቼ ስም አውጥተውልኛል፣ አልነግራችሁም። ያንን ክብ መዞሩን ትቶታል። ልብስ ግን ካገኘ አሁንም ይጎትታል።

ይሄ የሚዘልቅ አይደለም። መስከረም ላይ ሁለት ፈረቃ ነው የማስተምረው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ከእናንተ መካከል በግ ወይ ከብት የሚያረባ፣ ወይ ውሻ የማሰልጠን ልምድ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ገንዘብ አልፈልግም፤ የክትባት ወረቀቱን አብሬ እሰጣለሁ። ሰፊ ግቢ አለኝ የሚል ሳይሆን በቀን ሁለት ሰዓት አለኝ የሚል ይሁን። ቤቱ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ይቅርብኝ። ለዘበኝነት አስሬ አኖረዋለሁ የሚልም አይጻፍልኝ፤ እሱን ሞክረነዋል። ሊያየው የሚመጣ ሰው ቀድሞ ይደውልልኝ፣ እኔ ሳልኖር በሩን እንዳያንኳኳ። ጀርመን ነው ብሎ የሚመጣ ካለ ደግሞ ሜትሩ እህቴ ጋ አለ።