ቆሎዬን ይዤ ወዴት ልጠጋ?

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሁሉ ማታ ማታ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ከምርቃት በኋላ የት ልግባ? እኔ የምመኘው ፕሮዳክት ማናጀር የሚባለውን ሥራ ነው። ስሙ ከበድ ይበል እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የደንበኛውን ችግር ሰምቶ ባለሙያዎቹ ምን እንደሚሠሩና የትኛውን እንደሚያስቀድሙ የሚወስን ሰው ማለት ነው። ግን የት ይሻላል? ስታርትአፕ ከሚሉት ጀማሪ ድርጅት ወይስ ከትልቅ ኩባንያ?

የትንሹን ነገር ያየሁት በታላቅ ወንድሜ ነው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የበቆሎ ዋጋ በስልክ የሚያሳይ አፕሊኬሽን ይሠሩ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከፍኖተ ሰላም ቡሬ አብሬው ሄድኩ። በቆሎ ይዘው የመጡ አንዲት እናት ስልኩን አየት አደረጉና፣ «ዋጋውንስ ጎረቤትም ይነግረኛል ልጄ፤ እኔ የማላምነው ሚዛኑን ነው። ይኼ ነገር ሚዛን ያውቃል?» አሉት። ወንድሜ መልስ አጣ። የዚያኑ ዕለት ማታ ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ በሳምንቱ የገበሬ ማኅበራት ሚዛን የት የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ገጽ ተጨመረ።

በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ሥራው ቆመ። የሁለት ወር ደመወዝ ቀረ። ፍኖተ ሰላም ተከራይታ የምትማረውን እህታችንን የቤት ኪራይ የሚከፍለው እሱ ስለነበር አባቴ በግ ሸጡ።

ትልቁን ደግሞ ለተግባር ልምምድ ስወጣ አየሁት። የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት አረጋውያን ደንበኞች የምስጢር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው ነግረው ስልካቸውን ሲያስነኩ ታዘብኩ። በወረቀት ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። በደስታ ተቀበለኝና «ወደ ላይ እናሳውቃለን» አለኝ። ልምምዴ አለቀ፤ ወረቀቱ የት እንደደረሰ አላወቅሁም። የሠራተኛው ደመወዝ ግን አንድም ቀን አልዘገየም።

ትልቁን እንዳልንቅ የሚያደርገኝ የቴሌብር ነገር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ኤም ብር ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ ከአብቁተና ከሌሎች የብድርና ቁጠባ ተቋማት ጋር ሆኖ ገንዘብ በስልክ ያስተላልፍ ነበር። አብቁተ የዛሬው ጸደይ ባንክ መሆኑን ልብ ይሏል። ቴሌብር ግን በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አገኘ። ምክንያቱም የድርጅቱ ሲም ካርድ ቀድሞ በየገጠሩ ገብቶ ነበር፤ *127# ብሎ መጠቀም ስለሚቻልም ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ትንሹ መንገድ ይጠርጋል፤ ትልቁ ሕዝብ ያሳልፍበታል።

አባቴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው፣ «ትንሽ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ ነው የሚባለው፤ ትልቁ ጋ ግባ» አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ፣ «እዚያ ከገባህ ገበያ መውጣት ትረሳለህ» አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በእኔ አስተያየት የድርጅቱን መጠን ብቻ ማየት አይበቃም። ከመግባታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። በሳምንት ስንት ደንበኛ በአካል አገኛለሁ? የሰማሁትን የመወሰን ሥልጣን ላለው ሰው ለመንገር ስንት በር አልፋለሁ? ገቢ ቢቋረጥ ድርጅቱ ለስንት ወር ደመወዝ ይከፍላል? ሦስተኛውን ጥያቄ ከቤቱ ገንዘብ የሚላክለት ተማሪ ሊያልፈው ይችላል። እንደኔ ቤተሰብ የሚጠብቀው ግን አይችልም።

እኔ ዘንድሮ የማመለክተው ትልቅ ኩባንያ ነው። እህቴ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ሌላ በግ እንዲሸጥ አልፈልግም። ስገባ ግን ባዶ እጄን አልገባም፤ የቡሬዋን እናት ጥያቄ ይዤ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ገበያ ሳልወጣ ከቀረሁ ወንድሜ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቆሎዬን ይዤ ወደ እሱ እሄዳለሁ።