ስለ አዝመራ ጥበቃና ስለ ጠመንጃ ምርጫ

እህል የዘራ ሰው ፍሬውን ብቻውን አይበላውም። ከገደል ዝንጀሮ፥ ከጉድጓድ ጃርት፥ ከሰማይ ወፍ ይካፈሉታል። ንጉሥ ሰሎሞን በመኃልዩ የወይን ቦታ ስለሚያበላሹ ትንንሽ ቀበሮዎች ማንሣቱ፥ ይህ ችግር የዛሬ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን አጥፊውን አውሬ የሚከላከልበት መሣሪያ የሚሻ ሰው፥ መሣሪያው ራሱ አጥፊ እንዳይሆንበት አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚነገረው የአንድ ባላገር ነገር ለዚህ ምስክር ይሆናል።

በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፥ በጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ማሽላ እያረሰ የሚኖር አንድ ባለ ርስት ነበረ። እርሻው ከደጋው ጫፍ ወርዶ፥ ከገደሉ በታች በተንጣለለው መሬት ላይ ነበረ። በገደሉ ላይ ጭላዳ ያድራል፤ ጭላዳ ግን ዋና ምግቡ ሣር ስለ ሆነ ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም። መከራው የዝንጀሮ ነበረ። ማሽላው እሸት በያዘበት ወራት የዝንጀሮ መንጋ ከጫካው ወጥቶ፥ ከሚበላው ይልቅ የሚሰብረው እየበዛ፥ በአንድ ጧት የብዙ ቀን ቀለብ ያጠፋ ነበረ። ሲመሽ ደግሞ ጃርት ይመጣና አገዳውን ከሥሩ እየቈረጠ ይጥለዋል።

ባላገሩ የ12 ዓመት ልጅ ነበረው። ልጁ ዳዊት ደግሞ፥ ወደ ቅኔ ቤት ይገባ ዘንድ መምህሩ ሁለት ጊዜ ልከውበት ነበረ። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ማማ ላይ ተቀምጦ ወንጭፍ የሚወነጭፍና ጅራፍ የሚያጮኽ ሌላ ሰው ስላልተገኘ፥ ልጁ ከትምህርቱ ቀርቶ ዝንጀሮ ጠባቂ ሆነ። የዝንጀሮው አውራ ልጁን ከናቀው ሰንብቷል። ድንጋይ ሲወረወርበት ዞር ብሎ ያይና እንደ ገና ወደ መብላቱ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ከአዝመራው እኩሌታው ሳይታጨድ ቀረ።

አባትየው ይህን ባየ ጊዜ ተናደደና ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጦ ጠመንጃ ለመግዛት ቈረጠ። ከአባቱ የወረሰው ውጅግራ በቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነበረ። ይህ ፈረንሳዮች በ1874 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያወጡት፥ በዐድዋ ዘመን በሀገራችን በብዙ ሰው እጅ የነበረው ጠመንጃ ነው። ነገር ግን ጥይቱ ከገበያ ስለ ጠፋ፥ ለበዓል ቀን ከመታየት በቀር ለምንም አይጠቅምም ነበረ።

ሚስቱ የበሬውን መሸጥ በሰማች ጊዜ፥ «በአንድ በሬ ማን ያርሳል? ያልታረሰ መሬትስ ምን ጠባቂ ያሻዋል?» አለችው። እርሱም መልስ ስላጣ ወደ ነፍስ አባቱ ሄደ። የነፍስ አባቱም ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፥ «እኔ የመጽሐፍ ሰው ነኝ፤ የብረት ነገር አላውቅም። ከዚያ ማዶ ያሉት ባሻ ግን ዕድሜያቸውን በግምጃ ቤት ጠመንጃ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ሳትጠይቃቸው ገመዱን ከበሬህ አንገት አትፍታ» ብለው መከሩት።

ባሻም እንግዳቸውን ተቀብለው፥ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ከእርሻህ ማዶ ምን አለ?» አሉት።

«የጎረቤት ማሳ፥ የውሃ መንገድ፥ ከብት የሚጠብቁ ልጆች አሉ፥ ባሻ» አላቸው።

«እንግዲያውስ ምንሽር አትሻም» አሉት። «የምንሽር ጥይት አንዲት ናት፤ ያሰብከውን ብትስት ሸለቆውን ተሻግራ ያላሰብከውን ታገኛለች። ላንተ የሚሆንህ የረሽ ጠመንጃ ነው። ረሽ እንደ ዘንጋዳ ፍሬ ያለ ደቃቅ እርሳስ ነው፤ ብዙው ባንድነት ወጥቶ እየተበተነ ይሄዳል። ኀይሉ እስከ 35 ወይም እስከ 40 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ማቍሰል እንጂ መግደል አይሆንለትም። ደቃቁ ረሽ ቢበዛ ከ300 ሜትር ሳያልፍ ይወድቃል። ስለዚህ ለማሳ ጥበቃ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በቅርብ ከሆነ ሰውንም እንደ አውሬው ይገድላልና አትናቀው።»

ቀጥለውም የቁጥሩን ነገር አስረዱት። አንድ ፓውንድ እርሳስ፥ ይኸውም 453 ግራም ያህል፥ በ12 እኩል ድቡልቡል ሲከፈል፥ አንዱ ድቡልቡል በልኩ የሚገባበት በርሜል 12 ቁጥር ይባላል፤ ስፋቱም 18 ተኩል ሚሊ ሜትር ነው። በ20 ቢከፈል ድቡልቡሉ ስለሚያንስ የ20 ቁጥር በርሜል ይጠባል። እንግዲህ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል ማለት ነው። የረሹም ቁጥር እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ፍሬው ይደቃል። «አንተ 12 ቁጥር ያዝ» አሉት ባሻ፤ «የሚበልጥ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ጥይቱ በየገበያው ስለሚገኝ ነው። ጥይት የማይገኝለት ጠመንጃ ምን እንደሚሆን ከአባትህ ውጅግራ ተምረሃል። አንድ ነገር ግን አትርሳ፤ በ12 ቁጥር ቤት የ20 ቁጥር ጥይት አይደርብህ። የ20ው ጥይት ሾልኮ ገብቶ ከበርሜሉ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ባለቤቱም ባዶ መስሎት በላዩ 12 ቁጥር አጕርሶ ቢተኵስ ብረቱ በእጁ ላይ ይፈነዳል።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለቱ አብረው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ከአንድ ነጋዴ ሱቅ በገቡ ጊዜ፥ የባላገሩ ዐይን በግድግዳው ላይ በተሰቀለ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ላይ ዐረፈ። በርሜሎቹ እንደ ዘንዶ ቈዳ የተዥጐረጐሩ፥ ጐኑ በአበባ የተቀረጸ፥ ለማየት እጅግ የሚያምር ነበረ። ነጋዴውም የበሬውን ሙሉ ዋጋ ጠየቀበትና፥ «ለዚህ ዓይነቱ ይህ እንደ ነጻ ነው» አለ። ባላገሩ ገንዘቡን ከመቀነቱ ሊፈታ ሲል ባሻ እጁን ያዙት።

«ይህ የደማስቆ በርሜል የሚሉት ነው» አሉ። «ብረትና ዐረብ ብረት በቀጭኑ ተጠፍጥፎ፥ እንደ ጥብጣብ ተጠምዞ፥ በእሳት ተዋሕዶ የተሠራ ነው። ውበቱ የመጣው ከዚያው ነው። ነገር ግን የተሠራው ለቀድሞው ለጥቁሩ ባሩድ ነው፤ የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ ግፊቱ ሌላ ስለ ሆነ፥ በርሜሉ ለዚህ መፈተኑን የሚያሳይ ምልክት ከሌለበት ዐይን ያየዋል እንጂ ትከሻ አይደግፈውም።» ገልብጠውም የበርሜሉን ሆድ ባዩ ጊዜ ያ ምልክት አልነበረበትም። ከዚያም ጠመንጃውን ዘግተው በጆሮአቸው አጠገብ ወዘወዙት፤ ማጠፊያው እንደ አሮጌ በር ይንቀጫቀጭ ነበረ።

በቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ሰምቶ ወርቁን የሳተ ተማሪ እንደሚነቀፍ ሁሉ፥ በገበያም የዕቃውን ልብስ አይቶ ባሕርዩን ያልመረመረ ገዢ እንዲሁ ነው። የተቀረጸው አበባ ሰም ነበረ፤ ወርቁ በማጠፊያውና በበርሜሉ ውስጥ ነበረ።

ባሻም ከጥግ የቆመ አንድ ነጠላ በርሜል ጠመንጃ እንዲያወርዱላቸው ጠየቁ። ጌጥ አልነበረውም፤ ሰደፉም የተፋቀ ነበረ። አጥፈው ከፍተው በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱ፤ የብርሃኑ ቀለበቶች እርስ በርሳቸው ሳይዛነፉ እስከ ጫፉ ደረሱ፤ ይህም በርሜሉ ያልተጨረመተና በዝገት ያልተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው። ዘግተው ወዘወዙት፤ ዝም አለ። ቃታውን በግማሽ ስበው ምላጩን ቢጫኑት ቃታው አልወደቀም። የቀለህ ማውጫው ባዶውን ቀለህ ሳይንገራገር አወጣው። የጥይቱን ማደሪያ ለኩት፤ 70 ሚሊ ሜትር ሆነ። በድሮዎቹ ዘንድ 65 ሚሊ ሜትር የሆነ ብዙ ስላለ፥ ረጅሙን ጥይት በአጭሩ ማደሪያ ማጕረስ አደጋ መሆኑን ነገሩት። በመጨረሻም የፈተናውን ማኅተም አሳዩት። በቤልጅግ የሊዬዥ ከተማ ከ1672፥ በእንግሊዝም የበርሚንግሃም ከተማ ከ1813 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ የጠመንጃ በርሜል ከመሸጡ በፊት ከተለመደው በሚበልጥ ባሩድ እየተፈተነ ማኅተም የሚደረግበት ቤት አለ። በዚህ ጠመንጃ ላይ የሊዬዥ ማኅተም ነበረ።

«ነጠላ ነው እኮ፥ ባሻ» አለ ባላገሩ ቅር ብሎት፤ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል።»

ባሻም ሣቁና፥ «እንቅልፍ ማጣቱ ለጠባቂ መልካም ነው። ሁለት ያለው አንዱን በከንቱ ይተኵሳል፤ አንድ ያለው ግን አይቶ ይተኵሳል። ደግሞም የሚበላሽበት ክፍል ጥቂት ነው፤ ቢበላሽም የሀገርህ አንጥረኛ ይጠግነዋል» አሉት። ዋጋውም የሁለት ሙክትና የአንድ እንስራ ማር ያህል ሆነ። በሬው ከበረት አልወጣም።

ሰውዬው ጠመንጃውን ይዞ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ተማረ። ዝንጀሮው የተኵሱን ድምፅ ሰምቶ ወደ ገደሉ ሸሸ፤ በሦስተኛው ቀን ግን የተኳሹን የምሳ ሰዓት አጥንቶ ተመለሰ። ስለዚህ ጠመንጃ ለጠባቂው ረዳት እንጂ ምትክ አለመሆኑን ተረዳና፥ ከጎረቤቶቹ ጋራ ተማክሮ ማሳቸውን በተራ ይጠብቁ ጀመር። ልጁም በጥቅምት ወር ቅኔ ቤት ገባ።

በኅዳር ወር አንድ ማታ ባላገሩ ተራው ደርሶ በማሳው ጥግ ተቀምጦ ሳለ፥ ከማሽላው ውስጥ አገዳ ሲንኳኳ ሰማ። ጃርት ነው ብሎ ቃታውን ሳበና ወደ ድምፁ አነጣጠረ። አገዳው እንደ ገና ተንቀሳቀሰ። ርቀቱ 15 ሜትር አይሞላም ነበረ። ጣቱ ምላጩን ሲነካ ግን፥ ጥይቱ አንድ ብቻ መሆኑ ትዝ አለውና፥ አውሬው ወጥቶ እስኪታይ ድረስ ልጠብቅ አለ። ከአገዳው መካከል ነጭ ነገር ብቅ አለ። የልጁ ኩታ ነበረ። መምህሩ ለዕለቱ አሰናብተውት፥ እናቱ የላከችለትን እራት ይዞ በአቋራጭ እየመጣ ነበረ።

አባትየው ቃታውን በአውራ ጣቱ ይዞ ቀስ አድርጎ መለሰ፤ ጥይቱንም አወጣ። ልጁ፥ «አባባ፥ ምን ሆነሃል?» ብሎ ቢጠይቀው፥ «በርዶኝ ነው» አለው። ያመጣለትን እራት ግን መብላት አልቻለም። ለሚስቱም አልነገራትም፤ በማግሥቱ ለነፍስ አባቱ ብቻ ተናዘዘ። እርሳቸውም፥ «አላጠፋህም፤ ነገር ግን ላለማጥፋትህ ምክንያት የሆነውን ነገር ሥርዐት አድርገህ ያዘው» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤቱ የጎረሰ ጠመንጃ አልገባም፤ ጥይቱም ከጠመንጃው ተለይቶ በቁልፍ ተቀመጠ፤ ከመሸም በኋላ ወደ ሰማይ ካልሆነ በቀር አልተኮሰም። ወደ ማሳው የሚመጣ ሰው ሁሉ ከሩቅ ድምፁን እንዲያሰማ ለጎረቤቶቹ ነገራቸው።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ሆኗል፤ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177ም ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መሸጥና መግዛት አይቻልም። እንግዲህ ዛሬ እንደዚያ ባላገር አዝመራው የሚጠፋበት ሰው፥ የመጀመሪያ መንገዱ ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። የባሻ ምክር ግን አላረጀም፤ መሣሪያ የሚመረጠው በጌጡ አይደለም፥ ከማሳው ማዶ ያለውን ሰው በማሰብ ነው።

በዚያ ዓመት ከማሽላው ጃርትም ዝንጀሮም ድርሻቸውን አላጡም፤ ነገር ግን ጎተራው እስከ ክረምት የሚያደርስ እህል ያዘ። በሬው ከጓደኛው ጋራ ተጠምዶ የሚቀጥለውን ዘር አረሰ፤ ልጁም በዓመቱ የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃና ለመምህሩ አቀረበ። አባቱ ግእዝ ባያውቅም ከደጁ ቆሞ ሰማው።

እግዚአብሔር የሀገራችንን አዝመራ ይባርክ፤ የሚጠብቁትንም ልጆች ይጠብቅልን።